ከእንጦጦ የሚወርደው ደለል የት ያርፋል?
ስለ ደለል አፈጣጠር፣ ጉዞና ክምችት ለተገልጋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በክረምት ወራት በየካ ክፍለ ከተማ የቀበናን ወንዝ የሚሻገር ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያስተውላል። በበጋ በድንጋዮች መካከል በቀጭኑ ይወርድ የነበረው ውኃ ሐምሌ ሲገባ ይሞላል፤ መልኩም ወደ ቡናማነት ይለወጣል። ዝናቡ ካባራ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የወንዙ ሙላት ይጎድላል። ብዙዎቻችንም ጎርፉ ሲያልፍ ጉዳዩ ያበቃ ይመስለናል።

ይሁን እንጂ ውኃው ይዞት የሄደው አፈር አይጠፋም። ከእንጦጦ ተዳፋት የተነሣ እያንዳንዱ ቅንጣት አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። የሚያርፍበት ስፍራ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ የወንዝ ዳርቻ፣ የግድብ ሐይቅ ወይም እጅግ ሩቅ የሆነ የባሕር ወለል ሊሆን ይችላል። የማረፊያ ቦታው ለምንጠጣው ውኃና ለምናገኘው የኤሌክትሪክ ኃይል ቀጥተኛ ትርጉም ስላለው፣ ኅብረተሰቡ ስለ ደለል መሠረታዊ ግንዛቤ እንዲኖረው ይህ ማብራሪያ ተዘጋጅቷል።

ደለል ምንድን ነው?

ደለል ማለት ከአለት ተፈረካክሶ፣ በውኃ፣ በነፋስ ወይም በበረዶ ግግር ተጓጉዞ፣ ተሸካሚው ኃይል ሲደክም በአንድ ስፍራ የሚቀመጥ ቁስ ነው። አፈጣጠሩም ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ እነርሱም መፈረካከስ፣ መጓጓዝና መቀመጥ ናቸው።

የመጀመሪያውን ደረጃ በእንጦጦ ላይ በግልጽ ማየት ይቻላል። የእንጦጦ ሰንሰለት ከ20 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ አለቶች ክምችት ነው። የቀን ሙቀትና የሌሊት ቅዝቃዜ እየተፈራረቁ አለቱን ይሰነጥቁታል፤ ውኃ በስንጥቁ ይገባል፤ የዛፍ ሥር ያሰፋዋል፤ ውኃውም የአለቱን ማዕድናት ቀስ በቀስ ወደ ሸክላ አፈር ይለውጣል። ይህ ሥራ እጅግ አዝጋሚ ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር አፈር ለመፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያስፈልጋሉ።

ሁለተኛው ደረጃ መጓጓዝ ነው። በኃይል የሚወርድ ጎርፍ ቋጥኝ ያንከባልላል፤ ጠጠርና አሸዋ ይገፋል፤ ልምና ሸክላ አፈርን ደግሞ በሆዱ አንጠልጥሎ ይወስዳል። ወንዙን ቡናማ የሚያደርገው ይህ የተንጠለጠለው ደቃቅ አፈር ነው።

ሦስተኛው ደረጃ መቀመጥ ነው። ተዳፋቱ ሲቀንስና ውኃው ሲዘገይ መጀመሪያ የሚወድቀው ቋጥኙ ነው፤ ቀጥሎ ጠጠሩ፣ ከዚያም አሸዋው፣ በመጨረሻም ደቃቁ አፈር። ስለዚህ ወራጅ ውኃ እንደ ወንፊት ሸክሙን በመጠን እየለየ ያስቀምጣል ማለት ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። በረጋ ውኃ ውስጥ አንድ ሜትር ጥልቀት ለመውረድ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ስፋት ላላት የአሸዋ ቅንጣት ሁለት ደቂቃ ገደማ ይበቃታል። ከእርሷ አሥር እጥፍ የምታንስ የልም አፈር ቅንጣት ከሦስት ሰዓት በላይ ትፈልጋለች። መቶ እጥፍ የምታንስ የሸክላ ቅንጣት ግን ሁለት ሳምንት ያህል ትቆያለች። ቅንጣቷ አሥር እጥፍ ባነሰች ቁጥር የመውረጃ ጊዜዋ መቶ እጥፍ ይረዝማል። ይህ ቀላል ስሌት ወደ ታች በምንገልጻቸው ጉዳዮች ሁሉ ውስጥ ይገኛል።

የእንጦጦ ውኃ ሁለት መንገዶች

የእንጦጦ ሰንሰለት ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶችም ድንበር ነው። በሰንሰለቱ አናት ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች ዳግመኛ ላይገናኙ ሊለያዩ ይችላሉ።

በሰሜን በኩል የወደቀው ጠብታ በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ ወደ ሙገር ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይጓዛል። በጥንቱ ዘመን ይህ ውኃ የተሸከመው ደቃቅ አፈር ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርስ ነበር። የናይል ዴልታም ሆነ ከዴልታው ፊት ለፊት ባለው የባሕር ወለል የተነጠፈው ጭቃ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የታጠበ አፈር ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ግን ደለሉ ባሕሩ ዘንድ መድረሱን ከሞላ ጎደል አቁሟል። ዛሬ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በመንገዱ ላይ ይገኛል።

በደቡብ በኩል የወደቀው ጠብታ በየካና በአጎራባች ክፍለ ከተሞች በኩል ወደ ቀበናና መሰል ወንዞች ይገባል። ከዚያም በትልቁ አቃቂ አድርጎ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከሐይቁም ወደ አዋሽ ወንዝ፣ ቀጥሎም ወደ ቆቃ ግድብ ያመራል። አዋሽ ከአገር አይወጣም ማለት ይቻላል፤ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ በአቤ ሐይቅ ጉዞውን ይጨርሳል። በመሆኑም ከየካ ተዳፋት የተነሣ አፈር ወደ ውቅያኖስ የሚወስድ መንገድ የለውም። የሚያርፈው በራሳችን ቦዮች፣ በራሳችን ወንዞችና በራሳችን ግድቦች ውስጥ ነው።

የዋልታ ባሕሮች ምን ያስተምሩናል?

ደለል ውኃ ባልሆነ ተሸካሚ ሲጓጓዝ ምን እንደሚመስል ማየት፣ የራሳችንን ወንዞች ሥራ ይበልጥ ግልጽ ያደርግልናል። ለዚህ ጥሩው ምሳሌ በአርክቲክ ውቅያኖስና በአንታርክቲካ ዙሪያ ባሉት ባሕሮች ወለል ላይ የሚከማቸው ደለል ነው።

በእነዚያ አካባቢዎች የብስን የሚሸፍነው የበረዶ ግግር በራሱ ክብደት እየተጫነ ቀስ ብሎ ወደ ባሕር ይንሸራተታል። ሲንሸራተትም ከሥሩ ያለውን አለት እንደ ወፍጮ ይፈጫል። ውጤቱም ከዱቄት የላመ የድንጋይ ብናኝ ነው። ከዚሁ ጋር ግግሩ ቤት የሚያክል ቋጥኝም ጭምር ይዞ ይጓዛል። በረዶ እንደ ውኃ ሸክሙን በመጠን አይለይም፤ ያገኘውን ሁሉ አንድ ላይ ይወስዳል፤ ሲቀልጥም አንድ ላይ ይጥለዋል።

ግግሩ ባሕር ሲደርስ እየተሰበረ ተንሳፋፊ የበረዶ ክምር ይሆናል። ክምሩ በነፋስና በማዕበል እየተገፋ ከየብስ ርቆ ሄዶ ይቀልጣል፤ በውስጡ የነበረው ድንጋይም ወደ ባሕሩ ጥልቅ ይወድቃል። በዚህ ምክንያት ወንዝ ፈጽሞ ሊደርስበት በማይችል የባሕር ወለል ላይ፣ በላመ ጭቃ መካከል ተተክሎ የቆመ ትልቅ ድንጋይ ይገኛል። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ድንጋይ ሲያዩ በዚያ ቦታ ላይ በአንድ ወቅት በረዶ ተንሳፎ ማለፉን ያውቃሉ።

ለወለሉ ሌላ ድርሻ የሚያበረክቱት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው። በበጋ ወራት የባሕሩ በረዶ ሲሳሳና ብርሃን ሲበዛ ዲያቶም የሚባሉ ጥቃቅን ተክል መሰል ፍጥረታት በብዛት ይራባሉ። ሲሞቱም እንደ መስተዋት ያለው ቅርፊታቸው ወደ ታች ይወርዳል። በአንታርክቲካ ዙሪያ ያለው የባሕር ወለል በሰፊው የተሸፈነው በዚህ ቅርፊት ክምችት ነው። በአገራችን ስምጥ ሸለቆም በጥንት ሐይቆች ወለል ላይ በተመሳሳይ መንገድ የተከማቸ የዲያቶም አፈር ይገኛል፤ ይህም ፈሳሽን ለማጣራት የሚያገለግል ማዕድን ነው።

በጥልቅ ባሕር ወለል ላይ ደለል የሚከማችበት ፍጥነት እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ በአንድ ሺህ ዓመት ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ይጨምራል። ስለዚህ ከዚያ የሚወጣ አንድ ሜትር ጭቃ የብዙ አሥር ሺህ ዓመታት መዝገብ ነው። ይህን ፍጥነት ልብ እንበል፤ ወደ ግድቦቻችን ስንመለስ ያስፈልገናልና።

የጥንቱ ባሕርና የጥንቱ በረዶ በአገራችን

ከላይ የተገለጸው ሁሉ ለአገራችን ባዕድ ነገር ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። የኢትዮጵያ ምድር ራሱ በአንድ ዘመን በበረዶ ግግር፣ በሌላ ዘመን ደግሞ በባሕር የተሸፈነ ነበር።

በትግራይ በዕዳጋ ዓርቢ አካባቢ ከ300 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በበረዶ ግግር የተቀመጠ ደለል ይገኛል። በዚያ ዘመን አፍሪካ ጎንድዋና ተብሎ የሚጠራው የታላቁ አህጉር አካል ሆና ወደ ደቡብ ዋልታ ቀርባ ነበር። በስፍራው በላመ ጭቃ መካከል የተቀመጡ፣ በበረዶ ተፍቀው የተጫጫሩ ድንጋዮች ይታያሉ። ስለዚህ ክምችት እ.ኤ.አ. በ1971 በጂኦሎጂ መጽሔት ጽሑፍ ካሳተሙት ሦስት ባለሙያዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው ጸጋዬ ኃይሉ ናቸው።

ከብዙ ዘመናት በኋላ ባሕር ወደ አገራችን ገባ። በጁራሲክ ዘመን ይህ ባሕር በወለሉ ላይ ያስቀመጠው የኖራ ድንጋይ ዛሬ በመቀሌ ዙሪያ፣ በዓባይ በረሃና በሙገር ሸለቆ ተጋልጦ ይታያል። የሙገር የሲሚንቶ ኢንዱስትሪ የተመሠረተው በዚሁ ድንጋይ ላይ ነው። በሌላ አነጋገር በየካ ተዳፋት ላይ ለሚሠራ ቤት ከሚውለው ሲሚንቶ ከፊሉ ከጥንቱ የባሕር ወለል ደለል የተገኘ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ቁም ነገር ደለል የሚታዘዝበት ሕግ በየትም ቦታ አንድ መሆኑን ነው። ተሸካሚው ሲደክም ሸክሙ ይወርዳል። በዋልታ ባሕር ተሸካሚው የሚደክመው በረዶው ሲቀልጥ ነው፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ወንዙ ግድብ ውስጥ ገብቶ ሲረጋ ነው።

ደለል በግድብ ውስጥ

ወንዝ ወደ ግድብ ሐይቅ ሲገባ በድንገት ይዘገያል። ጠጠርና አሸዋው በሐይቁ መግቢያ ላይ ይቀራል፤ ልም አፈሩ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይነጠፋል፤ ሸክላው ደግሞ ለሳምንታት ተንጠልጥሎ ይቆያል። የተነጠፈው ደለል ለውኃ የተዘጋጀውን ቦታ ይይዛል። በጥልቅ ባሕር ወለል አንድ ሜትር ለመሙላት አሥር ሺዎች ዓመታት ሲያስፈልጉ፣ አፈሩ ከተራቆተ ተፋሰስ ውኃ በሚቀበል ግድብ ውስጥ ግን ጥቂት አሥርተ ዓመታት ሊበቁ ይችላሉ።

የአባ ሳሙኤል ግድብ ለዚህ የቅርብ ምስክር ነው። ግድቡ በአገራችን ቀደምት ከሆኑት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ሲሆን የአዲስ አበባን ወንዞች ይቀበላል። ሐይቁ በደለልና በእምቦጭ አረም ክፉኛ ተጎድቷል። ማመንጫው ለአሥርተ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታድሷል። ከእርሱ በታች የሚገኘውና በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብም ከውኃ መያዝ አቅሙ ጉልህ ድርሻውን በደለል አጥቷል። በዓባይ ተፋሰስ በኩል ሱዳን ውስጥ የሚገኘው የሮዜሬስ ግድብም ተመሳሳይ ችግር ደርሶበታል።

ለየካ ነዋሪ ይበልጥ የሚቀርበው የለገዳዲ ግድብ ነው። ለገዳዲ ከክፍለ ከተማው በስተምሥራቅ፣ በሰንዳፋ አቅጣጫ የሚገኝ ሲሆን ለአዲስ አበባ ከ50 ዓመታት በላይ የመጠጥ ውኃ ሲያቀርብ ቆይቷል። የእንጦጦ ደቡባዊ ተዳፋት ጎርፍ በቀጥታ አይገባበትም፤ ተፋሰሱ ግን እንደ ቀበና ሁሉ የአቃቂ አካል ነው፤ የሚገጥመው ችግርም አንድ ዓይነት ነው። ወደ ግድቡ የሚገባው ውኃ በክረምት እጅግ ደቃቅ የሆነ የሸክላ አፈር ስለሚይዝ በራሱ ጊዜ አይጠራም።

እዚህ ላይ የባሕሩ ምሳሌ እንደገና ይጠቅመናል። የወንዝ ውኃ ጨዋማ ባሕር ሲገባ ተንጠልጥለው የነበሩት የሸክላ ቅንጣቶች በጨው ምክንያት እርስ በርስ ተያይዘው ጓል ይሆናሉ፤ ጓሉም ከብዶ በፍጥነት ይወርዳል። በማጣሪያ ጣቢያዎች ይህንኑ ሥራ የሚሠራው እንደ አሉሚኒየም ሰልፌት ያለ ኬሚካል ነው። ውኃው ይበልጥ በደፈረሰ መጠን የሚያስፈልገው ኬሚካል ይጨምራል፤ የማጣሪያው ሥራም ይከብዳል። ስለሆነም ከተዳፋት ላይ ታጥቦ የሄደ አፈር ሁለት ጊዜ ያስከፍለናል፤ አንድ ጊዜ የግድቡን ቦታ በመያዝ፣ ሌላ ጊዜ ውኃውን ለማጣራት በሚወጣው ወጪ።

በግድብ ውስጥ የተቀመጠን ደለል ማውጣት የማይቻል ባይሆንም እጅግ ውድና አድካሚ ነው። የወጣውም ደለል መቀመጫ ስፍራ ይፈልጋል። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አፈሩን በተነሣበት ተዳፋት ላይ ማስቀረት ቀላሉ መንገድ ነው።

እንጦጦና አፈሩ

አዲስ አበባ ከተቆረቆረችበት ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ የእንጦጦ የተፈጥሮ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ በብዛት ተቆርጧል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የከተማዋን የማገዶና የእንጨት ፍላጎት በማሟላት ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል፤ እስከ ዛሬም የብዙ ቤተሰቦች መተዳደሪያ ነው። ሆኖም ከባሕር ዛፍ ሥር ሌላ ዕፅዋት በብዛት አይበቅልም፤ የወደቀው ቅጠልም ለማገዶ ሲጠረግ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። በተራቆተ መሬት ላይ የሚወድቅ የዝናብ ጠብታ አፈሩን እየመታ ይበትነዋል፤ ጎርፉም የተበተነውን ይዞ ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክም የሚገኘው በዚሁ ተዳፋት ላይ ነው። ጽድ፣ ወይራና ኮሶን የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎች ከሥራቸው ሣርና ቁጥቋጦ ጋር አብረው ሲያድጉ፣ ለአፈሩ ከዛፉ ባልተናነሰ የሚጠቅመው ከዛፉ ሥር ያለው ሽፋን መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።

ነዋሪዎች ምን ማድረግ ይችላሉ?

በመጀመሪያ በግቢዎ ያለው አፈር ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ የሚከተለውን ቀላል ሙከራ ማድረግ ይችላሉ። በሚያሳይ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛ ያህል አፈር ይጨምሩ፤ ቀሪውን በውኃ ሞልተው በደንብ ይበጥብጡና ያስቀምጡት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የተቀመጠው አሸዋ ነው። በሰዓታት ውስጥ በላዩ የተነጠፈው ልም አፈር ነው። በማግሥቱም ውኃውን እንዳደፈረሰ የቆየው ሸክላ ነው። ይህ ሸክላ ከግቢዎ ከወጣ በየትኛውም ቦይ ላይ ሳያርፍ እስከ ግድብ የሚጓዘው ክፍል ነው።

ከዚህ በመቀጠል የሚከተሉትን ጥንቃቄዎች እንዲያደርጉ ይመከራል።

አንደኛ፣ ቤት ለመሥራት መሠረት የሚያስቆፍሩ ከሆነ ቁፋሮውን በተቻለ መጠን በበጋ ወራት ያከናውኑ። የወጣውን አፈር በወንዝ ዳርቻ ወይም በጎርፍ መውረጃ ቦይ አፍ ላይ አይከምሩ፤ አፈር የሚደፋበትን የተፈቀደ ስፍራ ከወረዳዎ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ተዳፋት ላይ ያለ ግቢ ከሆነ በኮንቱር መስመር፣ ማለትም ተዳፋቱን አግድም በሚያቋርጥ አቅጣጫ፣ የድንጋይ እርከን ይሥሩ፤ በእርከኑ ዳር ሣር ይትከሉ። የውኃው ፍጥነት ሲቀንስ አፈሩ እርከኑ ላይ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ከጣሪያ የሚወርደውን ውኃ በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ መሬቱን እንዳይቦረቡር በበርሜል ወይም በጉድጓድ ይቀበሉ።

አራተኛ፣ በደጃፍዎ የሚያልፈውን ቦይ ከክረምት በፊት ከጎረቤት ጋር ተባብረው ይጥረጉ። የተጠረገውንም አፈር መልሶ ወደ ቦዩ እንዳይገባ ያርቁት። በየዓመቱ በዚያው ቦታ ደለል የሚሞላ ከሆነ ከቦዩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ መሬቱ እየተሸረሸረ መሆኑን ያመለክታል፤ ይህንኑ ለወረዳ ጽሕፈት ቤትዎ ያሳውቁ።

አምስተኛ፣ በአካባቢዎ ቦረቦር ሲጀምር ገና ትንሽ ሳለ በድንጋይ ክትር እንዲያዝ ያመልክቱ። ዛሬ በጥቂት ሰዎች የአንድ ቀን ሥራ የሚታከም ቦረቦር ሁለት ክረምት ካለፈበት በማሽን ካልሆነ አይመለስም።

ማጠቃለያ

የዋልታ ባሕሮች ወለል ሲመረመር ከሺህ ዓመታት በፊት በረዶው የት እንደነበረና መቼ እንደቀለጠ ይታወቃል። የግድቦቻችን ወለልም በተመሳሳይ ሁኔታ የተፋሰሳችን መዝገብ ነው። ወደፊት የሚመረምሩት ባለሙያዎች በየትኛው ዘመን ተዳፋቱ እንደተራቆተና በየትኛው ዘመን እንደለበሰ ከንጣፉ ውፍረት ይረዳሉ። የእኛ ዘመን ንጣፍ የሳሳ እንዲሆን የሚደረገው ጥረት የሚጀምረው በእንጦጦ ተዳፋት፣ በየካ ግቢዎችና በየደጃፉ ባሉት ቦዮች ነው። በተዳፋት ላይ የቀረ አፈር በግድብ ውስጥ ለውኃ የተጠበቀ ቦታ መሆኑን ተገንዝበን ሁላችንም የበኩላችንን እንድንወጣ በአክብሮት እንጠይቃለን።